ከበርሜሎቹ ማዶ የቆሙት

ዘይኑልአቢዲን ሞተር ብስክሌት መንዳት የለመደው የከብት ክትባት ሲያመላልስ ነው። ከኋላው የበረዶ ሳጥን አስሮ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ የአምባሰልን ኮረኮንች ሲወጣና ሲወርድ አንድ ብልቃጥ ሰብሮ አያውቅም። በአካባቢው ካሉት የመንግሥት ሞተረኞች እሱን የሚያህል ቀርፋፋ አልነበረም። ገበሬዎቹ ይስቁበታል፤ እሱ ግን አያፍርበትም።

በ1974 ዓ.ም. ሚያዝያ 23 ቀን ለሚከበረው የላብ አደሮች በዓል ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሞተረኛ እንዲወዳደር ትእዛዝ ወረደ። በእንስሳት ክሊኒኩ ደግሞ ከዘይኑ ሌላ ሞተር የሚነዳ የለም። ኃላፊው ጠርቶ፣ "ስምህን አስተላልፌያለሁ" አለው። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም።

መወዳደሪያው ከከተማው በታች፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ተሰናዳ። ድሮ ሰርገኛ ፈረስ የሚያስጋልብበት ቦታ ነው። መሬቱ ላይ በኖራ ሞላላ መስመር ተሰመረ፤ ማጠፊያዎቹ ላይ ባዶ በርሜሎች ተደረደሩ፤ በከተማው በኩል ለእንግዶች ዳስ ተጣለ። ውድድሩ አሥር ዙር ነው። አንደኛ የወጣ ሬዲዮ ይሸለማል።

ሬዲዮውን አምሳሉ እንደሚወስደው ሁሉም እርግጠኛ ነበር። አምሳሉ የወባ ማጥፊያው ሞተረኛ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ከማንም ጋር ብዙ የማያወራ ሰው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ወደ ዘይኑ ጠጋ አለ።

"ኩርባው ላይ ፍሬን እንዳትይዝ" አለው። "ግራ እግርህን አውርደህ መሬቱን ዳሰስ እያደረግህ፣ ጋዝ ሳትለቅ እለፍ። የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ ተወው፣ ይንሸራተት። ከፈራኸው ነው የሚጥልህ።"

"እኔ ወላሂ ሳልወድቅ ልጨርስ እንጂ ሌላ አላማረኝም።"

"እሱም ቀላል አይደለም" አለ አምሳሉ፤ አልሳቀም።

አምስት ሞተሮች ተሰለፉ። ባንዲራው ሲወርድ አራቱ ተፈተለኩ። ዘይኑ ቢስሚላህ ብሎ ከኋላ ተከተለ። ዝናብ ከጠፋ ወር ሊሞላው ስለነበር ሜዳው ዱቄት ሆኖ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዙር የዞረው ከፊቱ ያለውን የሞተር ድምፅ ብቻ እየተከተለ ነው። ጥርሱ መካከል አሸዋ ገባ። በሁለተኛው ዙር እግሩን አውርዶ ሞከረ። ጎማው ተንሸራተተ፤ እሱ ግን አልወደቀም። ከዳሱ በኩል ጭብጨባ ሰማ። ሞተር ላይ ወጥቶ ደስ ሲለው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

በሦስተኛው ዙር፣ በሐይቁ በኩል ባለው ማጠፊያ፣ ከበርሜሎቹ ማዶ ሰዎች ቆመው አየ። አራት ወይም አምስት ይሆናሉ። ከገጠር የመጡ ተመልካቾች መሰሉትና አለፋቸው። በአራተኛው ዙር በዝተዋል፤ ከቄጠማው ዳር ተራ ይዘው ቆመዋል። ሞተር በአጠገቡ ሲያልፍ ሰው አንገቱን ያዞራል፤ እነዚህ አላዞሩም። አቧራው ፊታቸው ላይ ሲደፋ አንዳቸውም እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አላነሱም። ሁሉም ወደ ከተማው ነው የሚያዩት።

በአምስተኛው ዙር ልብሳቸውን ለየ። የገጠር ሰው ልብስ አልነበረም። ኮት የለበሰ አለ፤ የተማሪ ሹራብ ያደረገ አለ። እግራቸው ግን ባዶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ጠፋው። መሪው በመዳፎቹ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮው የሚሰማው ግን የሐይቁ ውሃ ከቄጠማው ጋር ሲላላስ ነው። ማጠፊያውን እንደጨረሰ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ ጭብጨባውም፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸትም።  በስድስተኛው ዙር ወደዚያ ላለማየት ዓይኑን የፊት ጎማው ላይ ተክሎ አለፈ።

በሰባተኛው ግን ቀና አለ፤ ወንድሙን አየ።

ታላቅ ወንድሙ ኑርዬ አስተማሪ ነበር። በ1970 ጥር ላይ "ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ዘይኑ ያኔ ኮምቦልቻ ሥልጠና ላይ ነበር። እናታቸው ኡሙሰልማ የት እንደወሰዱት ብትጠይቅ ዳግመኛ እንዳትጠይቅ ተነገራት። እንዳታለቅስም ተነገራት።

ኑርዬ ከሹራብ ለባሹ ልጅ አጠገብ ቆሟል። ከሁሉም ተለይቶ ወደ ከተማው ሳይሆን ወደ ዘይኑ አየ። ፈገግ አላለም፤ በእጁም ምልክት አልሰጠም። የሚናገር ይመስል ከንፈሩን ከፈት አደረገ፤ የተሰማው ግን ውሃው ብቻ ነው። ዘይኑ ጋዙን ለቀቀ። ዙር ደርቦ ከኋላው የመጣ ሞተር በጎኑ ሽው ብሎ ሲያልፍ አቧራ አለበሰው። አቧራው ሲገለጥ ከበርሜሎቹ ማዶ ሣር ብቻ ነበር።

የቀሩትን ሦስት ዙሮች እንዴት እንደዞረ አያውቅም። ከሁሉም መጨረሻ ገባ። ሰው ሳቀበት፤ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው የአምሳሉ ነው። እስከ ሰባተኛው ዙር ሲመራ ቆይቶ ድንገት ቀዘቀዘና አራተኛ ወጣ። ሬዲዮውን የመንገድ ሥራው ሞተረኛ ወሰደ።

ዘይኑ ሞተሩን እየገፋ ወደ ሐይቁ ማጠፊያ ሄደ። እዚያ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በርሜል ላይ የተቀመጠው ሚሊሻው ታረቀኝ ነበር።

"ጋሼ ታረቀኝ፣ እዚህ ቆመው የነበሩት ሰዎች ወዴት ሄዱ?"

"የምን ሰዎች? ሰው እንዳይቆም የሚጠብቀው እኔ አይደለሁ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ድርሽ ያለ የለም።"

"ለምንድን ነው የማይቆመው?"

"ትእዛዝ ነዋ። እዚህ ሰው አይቆምም፣ አይታረስም፣ ከብት አይገባም። አራት ዓመት ሆነው" አለ ታረቀኝ። ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። "ሂድ ልጄ፣ ታጠብ። አቧራ ጠጥተሃል።"

እነ ዘይኑ ሰፈር፣ አጥር ጥግ ያለው የውሃ ቦኖ ጋ አምሳሉ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ሌላ ሰው የለም። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲረጩ ቆዩ።

"ያ ማጠፊያ ላይ ጋዝ የለቀቅኸው ለምንድን ነው?" አለ አምሳሉ ቀና ሳይል።

ዘይኑ ደነገጠ። የማን ጆሮ የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ዘመን ይህን የመሰለ ጥያቄ ያስፈራል። "ሞተሩ አስቸገረኝ" አለ።

"የእኔም አስቸገረኝ።" አምሳሉ ውሃውን ዘጋ።  ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ አባቴን ነው ያየሁት" አለ። መልስ ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይኑ ለእናቱ ነገራት። ኡሙሰልማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለገበያ የሚሆን የቃጫ ገመድ እየገመደች ነበር። እየገመደች ሰማችው። ሲጨርስ፣ "ምን ለብሶ ነበር?" አለችው።

"ግራጫ ኮቱን። አንገቱ ላይ ደግሞ የሴት ሻሽ ጠምጥሟል። አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ አበባ ያለው።"

ገመዱ ከእጇ ወደቀ።

"ሳል ይዞት ነበር" አለች። "ብርድ ነው፣ ጥር ነው። ሲያወጡት ከራሴ ላይ ፈትቼ አሰርኩለት። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተም።"

ያን ሐሙስ ማጭድና ገመድ ይዘው ሣር አጫጅ መስለው ወረዱ። ታረቀኝ ከሩቅ አያቸውና፣ "እዚህ አይታጨድም" እያለ መጣ። የኡሙሰልማን ፊት ሲያይ ግን ንግግሩን አልጨረሰም። ተመልሶ በርሜሉ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። ኡሙሰልማ ከቄጠማው ዳር ተንበርክካ እጇን ዘረጋች፤ ፋቲሃ ቀራች፤ ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ያልፈሰሰው እንባዋ ፈሰሰ። ዘይኑ አጠገቧ ቆሞ ሣሩን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። አንድም ሰው አልታየውም። ሣሩ ግን ከሌላው ሜዳ ይልቅ ረዝሞ፣ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዝ ነበር። አምሳሉም በዚያው ሳምንት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሩ ሄዶ የአባቱን ክርስትና ስም ለአንድ መነኩሴ እንደሰጠ ዘይኑ ኋላ ሰማ።

ኡሙሰልማ ከሜዳው መልስ ሰደቃ አወጣች። ለማን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ "ለአባቴ ነው" አለች። አባቷ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ጎረቤቱም ይህን ያውቃል። ሰው ግን መጣ። በልቶ፣ ዱዓ አድርጎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተበተነ።

ጎረቤታቸው ሂንድ ብቻ ወደ ኋላ ቀረች። የእሷም ልጅ በዚያው ጥር የተወሰደ ነው። ዘይኑን ወደ ጓሮ ጠራችው።

"እናትህ ምንም አልነገረችኝም" አለች። "አምሳሉን ግን ቦኖው ጋ ሲያወራህ ከአጥሩ ጀርባ ሰምቼዋለሁ። የእኔ ልጅ ረጅም ነው። ግንባሩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። አላየኸውም ወይ?"

ዘይኑ ስድስተኛውን ዙር አስታወሰ፤ ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ ያለፈበትን።

"ሁሉንም አላየሁም፣ እትዬ ሂንድ" አለ። "ፈርቼ ነበር፤ አጎንብሼ አለፍኩ።"

 ሂንድ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

"አብሽር" አለችው። "ቦታውን ብቻ አሳየኝ።"