ቲቸር ኦሪን ለፈተና ሲቀመጥ

ኦሪን አዶኒስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ሥር አስተምሯል። በደቡብ አሜሪካዋ ጉያና የባሕር ጠረፍ ቤት የሚሠራው ጎርፍ እንዳይደርስበት በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ስለሆነ፣ ከወለሉ በታች የሚተርፈው ጥላ ለአንዱ የልብስ ማስጫ፣ ለሌላው የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ኦሪን ግን አራት አግዳሚና አንድ ጥቁር ሰሌዳ አስገብቶበት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡትን ልጆች ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ያስጠና ነበር። ከአራቱ ሦስቱን አሳምሮ ያውቃል።

አራተኛው የገባው በአፉ ጥፋት ነው። ማስተማር በጀመረ ሰሞን አንዲት እናት እንግሊዝኛም ያስተምር እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱ ገና ሳያስብ አፉ "እንዴታ" ብሎ መለሰ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በእንግሊዝኛ ፈተና ወድቆ ዳግመኛ እንዳልተቀመጠ ማን ይነግራታል? ሰፈሩ ሁሉ የሚናገረው የራሱን እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናው የሚፈልገው ደግሞ የመጽሐፉን። ኦሪን የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቶ ከተማሪዎቹ አንድ ገጽ እየቀደመ ዘለቀ። ልጆቹም አለፉ፤ እንዴት እንዳለፉ እሱንም ይገርመው ነበር። ምስጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ቨርላ፣ "ዋና የማይችል ዋና አስተማሪ፤ ደግነቱ እስካሁን የሰጠመ የለም" ትለዋለች።

በኋላ ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍሉን እንዲመራ ጠራው። ርዕሰ መምህርቷ ሰርተፍኬቶቹን በሙሉ፣ በተለይ የእንግሊዝኛውን፣ እንዲያመጣ ነገረችው። ኦሪን የእንግሊዝኛውን ጎርፍ ወሰደብኝ አላት። ሴትዮዋ አዘነችለት፤ ከፈተና ቢሮ ቅጂ እስኪያወጣ እስከ መስከረም እንደምትጠብቀውም ቃል ገባች። ያልነበረ ወረቀት ደግሞ ቅጂ የለውም። ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ በግል ለመፈተን ተመዘገበ፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ፣ ሁለት ሰዓት መንገድ በሚያስኬደው በዋና ከተማው በጆርጅታውን።

በፈተናው ቀን በር ላይ የተቀበለው ኬሎን ነበር፤ ኦሪን ድሮ ፊዚክስ ያስተማረው ልጅ፣ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል። ኬሎን ደስ ብሎት እጁን ጨበጠና፣ "ቲቸር፣ እርስዎንም ለቁጥጥር መደቡዎት?" አለው።

ያ አፉ እንደገና ቀደመው። "አዎ" አለ።

ኬሎን ወደ ፊት ወስዶ ከዋናዋ ተቆጣጣሪ አጠገብ አስቀመጠው። ኦሪን ስድሳ ተፈታኝ ፊት ለፊት ተቀምጦ እግሩን አነባበረ፤ ይባስ ብሎም የሚያንሾካሹክ አንድ ወጣት በዓይኑ ገላመጠ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ስም መጥራት ጀመረች። የሚጠራው በአባት ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ የአዶኒስን ስም የሚቀድም አልነበረም።

ሁለት ጊዜ ተጠራ። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ሹልክ ብሎ ለመውጣት አስቦ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ኬሎን ቆሟል። ተነሥቶ "አቤት" አለ፤ ወንበሩንም ለተቆጣጣሪዋ ትቶ ወደ ተፈታኞቹ ተርታ ወረደ። የተገላመጠው ወጣት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ኦሪን ሲቀመጥ ከጎኑ ያለችውን ሴት አየ፤ ናፊዛ ናት።

ናፊዛ በሰፈሩ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነርስነት ልትማር ፈልጋ የጎደላት እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ገበያዋን ዘግታ በኦሪን ቤት ሥር ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ልጆቹ በመጀመሪያ ቀን ከሽታዋ ሲሸሹ፣ "አፍንጫችሁን ለኬሚስትሪ አቆዩት" ብላ አስቃቸው ነበር። እሷም ብወድቅ ሰፈሩ እንዳይሰማ ብላ ነው እዚህ ድረስ የመጣችው። አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ተዘጋ የውሃ መውረጃ ቦይ ለመንደር ምክር ቤት አጭር የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ የሚል ነበር። ኦሪን ደስ አለው። ቤቱ ደጃፍ ያለው ቦይ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ሲያናድደው ኖሯል። ጻፈ። አረሙ ኦክስጅኑን እንዴት እንደሚያሟጥጥ፣ አሞኒያው ከየት እንደሚመጣ፣ ትንኟ በስንት ቀን እንደምትፈለፈል፣ አንድም ሳያስቀር ዘረዘረ። "የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ" እያለ ሃያ ሁለት ዓመት የጮኸው ሰው፣ አራት ገጽ ተኩል ሞልቶ ቀና ሲል ሁለተኛው ጥያቄ፣ ድርሰቱ፣ ሳይጀመር ሰዓቱ አለቀ።

ሚኒባስ ሲጠብቅ ናፊዛ መጥታ አጠገቡ ቆመች። "ደብዳቤው እንዴት ነበር ቲቸር?" አለችው።

"ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ሌክቸር ሰጠሁ።"

"ድርሰቱስ?"

"አልደረስኩበትም።"

ልትስቅ ብላ ተወችው። "እንግዲህ" አለች፣ "እኔም እዚህ እንደነበርኩ አይንገሩብኝ፤ እኔም አልነግርብዎትም።"

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ወጣ። ናፊዛ ከፍተኛውን ውጤት፣ አንደኛ ደረጃን፣ አመጣች። ኦሪን አራተኛ፤ የሚያልፈው እስከ ሦስተኛ ያመጣ ስለሆነ ያም መውደቅ ነው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያገኘው ያው ቁጥር። ቨርላ አልቀለደችም፤ "አሁንስ ለርዕሰ መምህርቷ ምን ልትላት ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀችው። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሮ እውነቱን ተናገረ። ሴትዮዋ አመሰገነችው፤ በሳምንቱም ሌላ ሰው ቀጠረች።

ለልጆቹ መንገሩ ከሁሉ ከበደው። ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ሁለት ጊዜ እንደ ወደቀ፣ እንግሊዝኛውንም አንድ ገጽ እየቀደመ እንዳስተማራቸው ነገራቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "እኛም እናውቅ ነበር" አለች፤ "መጽሐፉን ሲረሱ ትምህርቱን ወደ ባዮሎጂ ይቀይሩት ነበር።" ሁለት ልጆች ለቀቁ፤ የቀሩት ቀሩ።

የነርስ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ናፊዛ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛውን እንድታስተምር ለመናት። እሷ ሰሌዳው ጋ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ሆኑ። ለልምምድ የሚጽፈውን ደብዳቤ ግማሹን በቀይ እየሰረዘች ትመልስለት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ተፈትኖ ሁለተኛ ደረጃ አመጣ።

ወረቀቱን አንድ ሰው ማየት አለበት ብሎ ናፊዛ ወደምትለማመድበት ሆስፒታል ሄደ። ነጭ ለብሳ የሽማግሌዎች ሰልፍ ፊት ቆማ ነበር። ወረቀቱን ከሩቅ ሲያውለበልብ አይታ፣ ሰልፉን እንዲይዝ በእጇ አመለከተችው። ያዘ። ተራው ሲደርስ ወረቀቱን ሳታይ ክንዱን አሰረች፤ ደም ግፊቱን ለካችና፣ "ከፍ ብሏል" አለችው። "የደረቅ ዓሣውን ጨው ይቀንሱ። አሁን ያሳዩኝ።"