አልጋውን አንጥፉለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺም ከበሩ ላይ ተነሺና እዚህ ተቀመጪ፣ ነፋስ ይመታሻል። ቅድም ስለዚያ አዲስ ፊልም ስትጨቃጨቁ ሰማኋችሁ። አንዳችሁ "ከፊተኛው ይበልጣል" ትላላችሁ፣ አንዳችሁ "አበላሹት" ትላላችሁ። ሳቄ መጣ። እኛም እዚሁ ኮልፌ ውስጥ በእንዲህ ያለ ነገር ተጨቃጭቀን ሰው ልናስበላ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቀበሌያችን አዳራሽ ፊልም ይታይ ነበር። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን በአማርኛ የሚነግረን ጥሩነህ የሚባል ሰው ነበር። ድሮ ፈረንጅ ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲኖር ነው ቋንቋውን የለመደው። ከሸራው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቆምና ፈረንጆቹ ሲቆጡ ይቆጣል፣ ሴቷ ስታለቅስ ድምፁን ያቀጥናል። ደስ ካላለው ደግሞ ፈረንጁ አምስት ደቂቃ ያወራውን "ተናዷል" ብሎ ይጨርሰዋል። እንወደው ነበር።

ከሁሉ የወደድነው ፊልም የባለካባው ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ካባውን ደርቦ ይበራል፣ የሚሮጥ ባቡር በአንድ እጁ ያቆማል፣ ሌባውን ባለፋብሪካ ከሕንፃው ጫፍ አንጠልጥሎ ያወርደዋል። ፊልሙ የተፈቀደልንም ባለፋብሪካውን ስላዋረደው መሰለኝ።

በዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች። መብራት ይዛ መስኮት ላይ ትቆማለች፤ ባለካባው በላይዋ ያልፋል፣ እሷ አታየውም። ጥሩነህ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቱ ናት። እየጠበቀችው ነው" ይላል። እናቱ አይደለችም። ለባለካባው ክፍል ያከራየችው ሴትዮ ናት። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ ፊልም ሲመጣ ዓርብ ዓርብ ሁለታችን አዳራሹን ዘግተን አስቀድመን እናየዋለን፣ እሱም የሚለውን ያሰናዳል።

እናቱ ናት ያለው ለምን ይመስላችኋል? ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እትዬ ወርቄ ስለሚቀመጡ ነው። የእሳቸው ልጅ ደሜ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከጦር ኃይሎች ፌርማታ አውቶቡስ ልሳፈር ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሞቷል ያላቸው የለም፣ አለ ያላቸውም የለም። ያኔ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። የደሜን ክፍል ግን ለማንም አላከራዩም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ያቺን አሮጊት መስኮት ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን ከራሳቸው ያወርዱና ቀና ይላሉ። እኔ ከኋላ፣ ከማሽኑ ዘንድ ሆኜ አያቸዋለሁ። ያንን ፊልም ሰባት ጊዜ ነው ያሳየነው፤ ሰባት ጊዜም መጥተዋል።

በዚያ ሰሞን አንድ መምህር ከጎጃም ተዛውሮ መጣ። አምሐ ይባላል፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ቤት ሲያፈላልግ እትዬ ወርቄ ግቢ ገባና የደሜን ክፍል አየ።

"እማማ፣ ይሄ ሰው የሌለበት አይደለም እንዴ?" አላቸው።

"ባለቤት አለው ልጄ። ይመጣል" ብለው መለሱት።

እኛ ደግሞ መምህሩን ጠረጠርነው። ሁለት እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ ይሰካል፣ ያየውን ሁሉ ይጠይቃል። "የማን ክፍል ነው? ወዴት ሄዶ ነው?" ይላል። ልብስ ሰፊው ጀማል "ይሄ ሰው ሊያስተምር ነው የመጣው ወይስ ሊመዘግበን?" አለኝ አንድ ቀን። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አሳጠርኩ። ያኔ እንዲያ ነበርን፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ኪሱን ነው።

ከዓመት በኋላ የባለካባው ሁለተኛ ፊልም መጣ ተባለ። ወሬው ሰፈሩን አናወጠው። "ለዚህኛው ያወጡት ገንዘብ ኮልፌን ከነአጠና ተራው ይገዛል" ይሉ ነበር። እንደ ልማዳችን ዓርብ ዕለት ዘግተን አየነው። መሃሉ ላይ ያቺ አሮጊት መጣች። መስኮቷን ዘግታ አንዲት ነገር ተናገረችና ሄደች።

"መልሰው" አለኝ ጥሩነህ።

መለስኩት። ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ተከራዩ አይመለስም፣ ክፍሉን ለሌላ ስጡት ነው የምትለው። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው ለእትዬ ወርቄ የምነግራቸው?"

"ዝለላት በቃ።"

"አንተ ሙት መኳንንት፣ ብዘልስ ዝም ይሉኛል? 'እናቱ ምን አለች?' ብለው ቀድመው የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው።"

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። መምህር አምሐም ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ጓድ ሀብተማርያም፣ የቀበሌው ካድሬ፣ እንደ ሁልጊዜው በሩ ዘንድ ወንበሩ ላይ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ፤ ማጉረምረሙም አብሮ ተጀመረ። ባለካባው ገና አልበረረም። ሴት ወዶ ያዝናል፣ ዝናብ ውስጥ ይሄዳል፣ ደግሞ ያዝናል።

"ካባው ተለውጧል!" አለ ጀማል። "የበፊቱ ሐር ነበር። ይሄ ናይለን ነው፣ ልብስ ሰፊ አታታልሉ!"

"ሰውዬውም ተለውጧል!" አለች ጤናዬ፣ ቅቤ ነጋዴዋ። "የዚያኛው አገጭ እንዲህ ነበር እንዴ? ያኛውን የት አደረጉት?"

"ዝም በሉ! የሚያምር ነው፣ አሰሙን!" ይላል ሌላው። "እሱስ አያዝንም እንዴ? ሰው አይደለም?"

"ሊያዝን ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጡበት? ለማዘንማ እኛስ እንበቃ ነበር!"

አንዱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ "መኳንንት፣ የሚበርበትን ቆርጣችሁ ነው አይደል? ማን ቁረጥ አለህ?" አለኝ። ጓድ ሀብተማርያም ይህን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። ማሽኑ ላይ አጎነበስኩ።

ይሄኔ አሮጊቷ መጣች። እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን አወረዱ። ሴትዮዋ ተናገረች።

"ምን አለች ጥሩነህ?" አሉ እትዬ ወርቄ።

"አልጋውን... አልጋውን አንጥፉለት፣ ይመጣል ነው የምትለው።"

"ውሸት ነው!" የሚል ድምፅ ከጎኔ ወጣ። መምህር አምሐ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያርም፣ እንደ ዋዛ፣ እጁን ሳይቀር አንስቶ። "እንደዚያ አላለችም!"

አዳራሹ ተናጋ። በፊልሙ የተናደደ ሁሉ የሚናደድበት ሰው አገኘ። "ድሮስ! ይሄ ሰውዬ ነው ያበላሸው!" "ስንቱን ነው የዋሸን?" ግማሹ ደግሞ ለጥሩነህ ቆሞ ይጮኻል።

"መብራት አብራ!" አለ ጓድ ሀብተማርያም። አበራሁ። ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሄደ።

"የሚመጣው ማነው?"

"ባለካባው ነው ጓድ" አለ ጥሩነህ።

"ፊልሙ ካላለው አንተ ከየት አመጣኸው? 'ጠብቁ፣ ይመጣል' እያልክ ለሕዝቡ የምትነግረው ስለማን ነው?"

ጥሩነህ ምን ይመልሳል? እትዬ ወርቄን ላይጠራ ነገር። ሁለት ጥበቃዎች ይዘውት ወጡ። ጓድ ሀብተማርያም የፊልሙን ቆርቆሮ ራሱ ቆለፈበትና "ነገ በዚሁ ሰዓት ይታያል። መምህሩ ይተረጉማል፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቃሉ የተለየ እንደሆነ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል" አለ። ወደ ላይ የሄደ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት አምሐ ቤቴ ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሽ መኳንንት፣ እኔ እኮ ስለ ትርጉሙ ነው የተናገርኩት። ሰው ይታሰራል ብዬ መች አሰብኩ? ሰውዬው ለምንድን ነው እንደዚያ ያለው?"

ስለ እትዬ ወርቄ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ብነግረው ለማን እንደነገርኩ በምን አውቃለሁ? ዓይኔ እስክሪብቶዎቹ ላይ ነበር። "እኔ ማሽን ነው የማውቀው መምህር" ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ሥራዬ እስከዛሬ አፍራለሁ።

እሑድ አዳራሹ ከቅዳሜው የባሰ ሞላ፤ ግን ኮሽታ የለም። ሁሉ ጎን ለጎኑ ይተያያል። አምሐ በርጩማው ላይ ቆመ፤ ጓድ ሀብተማርያም ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ከሥሩ ተቀመጠ። እትዬ ወርቄ ቦታቸው ላይ ናቸው።

"ዛሬ የምትነግረን አንተ ነህ ልጄ?" አሉት። "ቀስ እያልክ ንገረን እሺ።"

አየኋቸው፤ እሱም አያቸው፣ ክፍሉን "ይመጣል" ብለው የከለከሉት ሴትዮ መሆናቸው ያኔ ነው ትዝ ያለው መሰለኝ።

ያንን ፊልም ቃል በቃል ተረጎመው፣ እንደ ሬዲዮ ዜና። ጤናዬ በሹክሹክታ "ለካ ጥሩነህ ነው ያሳመረልን" ስትል ሰማኋት። እኔ ማሽኑን ብሰብረው፣ ፊልሙን ብበጥሰው እያልኩ ሳስብ አሮጊቷ መስኮቷ ላይ ደረሰች። ተናገረች።

አምሐ ዝም አለ።

የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። የጓድ ሀብተማርያም እስክሪብቶ ከደብተሩ በላይ ቆሟል። አምሐ ሸራውን አላየም። ያየው የፊተኛውን አግዳሚ ነው።

"አልጋውን አንጥፉለት፣ ይመጣል" አለ። "እንደዚያ ነው የምትለው።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለ ጓድ ሀብተማርያም።

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ትናንት ውሸት ነው ብለህ የጮህከውስ?"

"ጫጫታ ነበር፣ በደንብ አልሰማሁም። ተሳስቼ ነው። አቶ ጥሩነህ ያሉት ልክ ነው።"

ጓድ ሀብተማርያም ትክ ብሎ አየው። እንግሊዝኛ ይችል አይችል እስከዛሬ አላውቅም። ደብተሩን አጠፈና "መምህር ሆነህ ሳትሰማ ነው የምትጮኸው?" አለው በሰው ሁሉ ፊት። አዳራሹ ሳቀ። ከጭንቀት የመጣ ሳቅ ነበር፤ በመምህሩ ላይ ግን አረፈ።

ሲወጡ እትዬ ወርቄ ከበርጩማው አጠገብ ቆሙና ክንዱን ያዙት።

"ጎሽ ልጄ" አሉት። "ያንተም እንግሊዝኛ እንደ ጥሩነህ ነው።"

ያውቁ ነበር ይሆን? ይሄን ስንት ዓመት አስቤዋለሁ። አልጠየቅኋቸውም።

ጥሩነህ ሰኞ ተፈታ። ጀማልና ጤናዬ ስለ ካባውና ስለ አገጩ እስኪያረጁ ተከራከሩ። አምሐን ግን ተማሪዎቹ "መምህር አልሰማሁም" ብለው ስም አወጡለት፤ መንገድ ላይ ሳይቀር ይጠሩታል። እንግሊዝኛ የማይችል መምህር ተብሎ ሦስት ዓመት ኮልፌ ኖረ፣ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ "እኔ ሰምቻለሁ" አላለም። እውነቱን የማውቀው እኔ እንኳ ጥሩነህን እንዳላስይዝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሊዛወር ሲል ብቻ እጁን ጨብጬ ረጅም ሰላምታ ሰጠሁት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ባለካባውን ብትረሱት ግድ የለኝም፣ እኔም አገጩን ረስቼዋለሁ። አደራችሁን፣ ያ መምህር በርጩማው ላይ ዝም ያለባትን ያቺን ትንሽ ጊዜ ግን አስታውሱልኝ።