ያልለካሁት መስኮት

ወንድወሰን እባላለሁ፤ ሥራዬ የቤት ንድፍ በኮምፒውተር መሥራት ነው። ፈረስ መጋላ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ፣ የቤቱን የፊት ገጽታ ንድፍ ጠዋት ያዘዘኝ ሰው ማታ ይወስዳል። በፍጥነቴ እኮራ ነበር። ሜትር ይዞ የሚንቀረፈፍ ባለሙያ ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

የወይዘሮ ተናኘወርቅ ቤት ፈላና በር አጠገብ፣ መንገድ ዳር ነው። የፊት ግድግዳው አዘንብሎ ሊወድቅ ስለደረሰ ፈርሶ እንዲሠራ ተፈቀደላቸው፤ ግን በጥንቱ የጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ ቅርስ ነውና ልክ እንደነበረው መሆን አለበት። እንዴት እንደነበረ የሚመሰክረው ደግሞ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ማህተም ያረፈበት ንድፍ ነው። የእኔ ንድፍ ማለት ነው።

ልለካ የሄድኩ ቀን የግራው ግማሽ ክፍት ነበር። በሩንም መስኮቱንም ለካሁ። ቀኙ ግን በአጣና ተደግፎ በላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩን መግለጥ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው።

"ልጄ፣ የዚህኛውንስ መስኮት አትለካውም?" አሉኝ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

"ያው አንድ ዓይነት አይደል፣ እማማ? ኮምፒውተሩ ያወጣዋል።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።"

አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ሚረር የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ግማሹን ከሳልክ ሌላውን ግማሽ እንደ መስታወት ገልብጦ ይደግምልሃል። ደገመልኝ። አማረም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ንድፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ።

ቤቱ ሲሠራ ልጃቸውን ይዘው ድሬዳዋ፣ እህታቸው ዘንድ ከረሙ። ልጃቸው ቤዛ አስተማሪ ነበረች። ክፉ በሽታ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሞቹም ምንም ማድረግ አንችልም ብለው ወደ ቤት መልሰዋታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከድሬዳዋ ሲመለሱ፣ እናትየዋ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሲነግሩኝ ነው።

"የልጄ መስኮት የት ገባ?" አሉኝ ገና ከበሩ።

የቀኙ መስኮት ዝቅ ያለ ነበር። ቤዛ ስትታመም ነው እስከ ጉልበት ያስወረዱት፣ ተኝታ መንገዱን እንድታይ። ተማሪዎቿ ጠዋትና ማታ ሲያልፉ "ቲቸር!" ይሏታል፣ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች። አሁን እንደ ግራው ደረት ድረስ ከፍ ብሏል፤ ተኝታ የሚታያት ሰማይ ብቻ ነው። አልጋውን ብሎኬት ላይ አቁመውት ነበር፤ ግን እናትየዋ አጭር ናቸውና ሊያገላብጧት አልቻሉም።

ግንበኛው ኪዳነወልድ ላይ ልጮህ ሄድኩ። ንድፌን ዘርግቶ አሳየኝ። የሠራው ልክ እኔ እንደሳልኩት ነው።

በማግስቱ ንድፉን አረምኩት። ማህተሙ ግን ሁለት ወር ፈጀ። የወጣ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ፤ ኪዳነወልድም ያለ ክፍያ ሊሠራው ቃል ገብቶልኛል።

ቤዛ በጣም ከስታለች። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ንድፉን ዘረጋሁላት።

"ቲቸር፣ በድዬዎታለሁ። በዚህ ሳምንት መስኮቱ ዝቅ ይላል።"

ብዙ አየችው። "ጥሩ አድርገህ ስለኸዋል" አለች። "ግን ተወው።"

"ለምን?"

"እንደተመለስን ሰሞን ልጆቹ በመስኮቱ ሲያጡኝ ሞታለች ብለው ኖሯል። እዚሁ ደጃፍ ቆመው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ብጣራ ድምፄ አልደረሰላቸውም። እማዬ ወጥታ ልትነግራቸው ስትነሳ ግን ሐሳቤን ለውጬ ያዝኳት።" ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅሁ። "ብዙ ቀን እንደሌለኝ አንተም ታያለህ። አንዴ አልቅሰውልኛል፤ ለምን ሁለተኛ አስለቅሳቸዋለሁ?"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ። ከኀዘኑ እፍረቱ ባሰብኝ፤ አሥር ደቂቃ ነበር እኮ።

ትምህርት ቤት ተለቅቆ ልጆቹ እየተሳሳቁ በደጃፉ ማለፍ ጀመሩ። የቤዛ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ትንሽ ተወዛወዘ። ከዚያ መልሳ ከተተችው።