ወደ ላይ የዞረው ዲሽ

ዲሽ ሠሪው ጣሀ ከኮምቦልቻ መጥቶ ደሴ እነከሪማ ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ በግቢው ውስጥ ከእሷ በቀር ደስ ያለው ሰው አልነበረም። የፓኪስታኑ ጣቢያ ያለው ከአናታችን በላይ ነው ብሎ ዲሹን ሽቅብ አዞረው። ዲሹ ዝናብ ሊቀበል የተቀመጠ ሳህን መሰለ። የአማርኛ ጣቢያዎቹ በሙሉ ጠፉ።

«ከሪማ፣ ድራማዬን የት አደረስሽው?» አለች ጎረቤቷ ወርቄ ከደጃፏ። ሁለቱ ቤቶች የሚያዩት በአንድ ዲሽ ነው።

«ክሪኬቱ እስኪያልቅ ታገሺኝ። ሦስት ግጥሚያ ነው።»

«ሦስት ቀን?»

«አንዱ ግጥሚያ አምስት ቀን ይፈጃል።»

«አምስት ቀን! መሀል ላይ እያረሱ ነው?»

ጣሀ ከላይ ሳቀ። «ምሳም ይበላሉ እትዬ። የሻይ ሰዓትም አላቸው።»

«እንግዲያው ለቅሶ በይኝ እንጂ ጨዋታ አትበይኝ» አለች ወርቄ፤ በሯንም ዘጋችው።

ከሪማ አልሳቀችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ፓኪስታናዊቷ የድሮ አሠሪዋ የፓኪስታንን የክሪኬት ቡድን ስም ዝርዝር በስልክ ልካላት ነበር። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከባንግላዴሽ ጋር ከሚጫወቱት ውስጥ ዘይን አለበት። ዘይን ዓረብ አገር፣ ሻርጃ በሠራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያሳደገችው የአሠሪዋ ልጅ ነው። ስትቀጠር ሦስት ዓመቱ ነበር። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ከቤቱ ጀርባ የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጠቅልላ ትወረውርለታለች፤ እሱ በዱላ ይመታል። ግራ ክርኑን ዝቅ ሲያደርግ ትቆጣው ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶት ለአገሩ ሊጫወት ነው።

የወለደቻት አንድ ልጅ ግን ሙና ናት። ትታት ስትሄድ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሐርቡ ከተማ ወስዳ ያሳደገቻት አክስቷ ሱዓድ ናት። ከሪማ ከተመለሰች ሰባት ዓመት ሲሞላ ሙና አንድ ቀን እንኳ «እማ» ብላ አልጠራቻትም። ያ ስም የሱዓድ ነው። ከሪማ ለእሑድ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙና አጠገቧ ተቀምጣ ዘይንን እንድታይ። የእናቷ እጅ በባዕድ አገር ምን ሲሠራ እንደከረመ ብታይ ልቧ ይመለስ ይሆናል ብላ አሰበች። እንዴት እንደምትጠይቃት ሳምንቱን ሙሉ ስታጠና ሰነበተች።

ሙና ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ከምትሰፋበት ፋብሪካ መጣች። ሪሞቱን አንስታ ነካካችው።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?»

«ነገ ዘይን ይጫወታል። አብረሽኝ ብታይ ብዬ...»

«ልጅሽ?»

«ያሳደግኩት።»

«አዎ፣ ያሳደግሽው።» ሪሞቱን ፍራሹ ላይ ወረወረችው። «ክንዴ ተሰብሮ ወጌሻ ሲያሸኝ እማ ሱዓድ ናት የያዘችኝ። አንቺ የት ነበርሽ?»

ከሪማ ያን ቀን አልረሳችውም። ስልክ የተደወለላት ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር።

«ኳስ እወረውርለት ነበር» አለች።

«ወላሂ ጎበዝ ወርዋሪ ነሽ። ይኸው አገር የሚያየው ልጅ አወጣሽ።»

«በየዓመቱ ልብስ እልክልሽ አልነበር?»

«በየዓመቱ ይጠበኝ ነበር። ቁመቴን የምታውቂው ከአምናው ፎቶ ነዋ።»

ራታቸውን ጀርባ ለጀርባ ሆነው በሉ። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቴሌቪዥኑ ባዶ ነበር። ዲሹ ውኃ ሞልቶታል። ከሪማ ጣሳና መፍቻ ይዛ መሰላሉን ወጣች። መሀል ላይ ስትደርስ እርጥቡ መሰላል ተወዛወዘ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ወደ ታች ስታይ ሙና ይዛዋለች።

«ለእሱ ብዬ አይደለም» አለች ሙና። «ብትወድቂ የማስታምምሽ እኔው ስለሆንኩ ነው።»

ከሪማ ውኃውን በጣሳ እየቀዳች ደፋችው። ዲሹን በሻሿ ጫፍ አደረቀችው። ከዚያ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አደረገች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ወደ ቦታው ልመልሰው። ወርቄም ድራማዋን ትይ፤ አንቺም ሳትናደጂ ዋዪ።»

ሙና መሰላሉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ተይው» አለች። «እናት የወሰደብኝን ሰው ፊቱን ልየው።»

ሲገቡ ሥዕሉ ተመልሷል። ቀድመው ከሚመቱት ሁለቱ አንዱ ዘይን ነበር። ቀጥኗል። የራስ ቁሩን እያስተካከለ በአረንጓዴው ሜዳ ላይ ይራመዳል። ከሪማ አፏን በእጇ ያዘች። ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች፤ ሙና ግን ከበሩ ሥር ዱካ ስባ ለብቻዋ ተቀመጠች።

«ከኋላው ያሉት ሦስት እንጨቶች ምንድን ናቸው?»

«ኳሱ እነሱን ከጣለ እሱ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል።»

«እንግዲያው በመጀመሪያው ኳስ ይጣልበት። ሌላስ በምን ይወጣል?»

ወርዋሪው ኳሱን ሱሪው ላይ እያሸ ወደ መነሻው ይሄድ ነበር። ከሪማ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከዚያ ልጇን።

«ግራ ክርኑን ዝቅ ሲያደርግ» አለች። «ያኔ ኳሱ በሥሩ ያልፋል።»

ከዚያ የሚወጣባቸውን የቀሩትን ድክመቶቹን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።