መዋኘት ክልክል ነው

ኖምቡሶ እስከ ጉልበቷ ባሕር ውስጥ ቆማ የናሙናውን ጠርሙስ እየሞላች ሳለ ከኋላዋ መዝሙር ሰማች። ዞር ብትል፣ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ከዙሉላንድ ኮረብታዎች ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ናቸው። ቀዩ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ "መዋኘት ክልክል ነው" የሚለው ሰሌዳም ከሥሩ ቆሟል። ሴቶቹ ግን ደንታም ሳይሰጣቸው ቀጥ ብለው ወደ ውሃው መጡ።

ከዝናቡ ወዲህ የከተማው የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ፍሳሹ ወደዚሁ ይወርዳል። የኖምቡሶ ሥራ በየማለዳው ውሃውን ቀድታ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው፤ ውጤቱ ሲብስ እንጂ ሲሻል አላየችም።

"እማማ፣ ሰሌዳውን አላያችሁትም?" አለች ከፊት የሚመሩትን አሮጊት።

"አንብበነዋል ልጄ" አሉ፤ ማኮዛ ይባላሉ። "መዋኘት ነው የሚለው። በዚህ ጉልበቴ የምዋኝ እመስልሻለሁ?"

ሴቶቹ ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ሰሌዳ የሚያጽፍ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ባሕር የሚመጣ ሁሉ ሊዋኝ የሚመጣ ይመስለዋል። እነዚህ የመጡት የባሕር ውሃ ይፈውሳል ብለው አምነው፣ ለሕመምተኛ የሚጠጣ ሊቀዱ ነው።

"ውሃው ጥሩ አይደለም፣ ጥራቱ ጎድሏል።"

"አንቺስ ምን እያደረግሽ ነው? ለራስሽ ስትሞዪ ጥሩ፣ ለእኛ ሲሆን ጥራቱ ጎደለ?"

"እኔ ለምርመራ ነው እማማ። ቆሻሻ ገብቶበታል።"

"ባሕር እኮ ቆሻሻ አይወድም፣ ይተፋዋል" ብለው ጎንበስ አሉ።

ኖምቡሶ ምላሷ ላይ የመጣውን ቃል ዋጠችው። ትልቅ ሰው ፊት ነውር አይወራም፤ እናቷ ለዚህ ስንቴ በኩርኩም ብላታለች። ራቅ ብላ ለአለቃዋ ለናይከር ደወለች።

"ሰዎች ሊጠጡት እየቀዱ ነው። ሰሌዳው ላይ 'መጠጣትም ክልክል ነው' ተብሎ ይጻፍበት።"

"የእኛ ሥራ ከዋናተኛ ጋር ነው። ማንን ጠጡ አልን? ደግሞ ዛሬ ብንጽፍ፣ እስካሁን የት ነበራችሁ ይሉናል። ሰሌዳውን እንዳትነኪ፤ እንጀራሽን አስቢ" ብሎ ዘጋው።

ስትመለስ ማኮዛ የሞላውን ጀሪካን ይከድናሉ።

"አትቀየሚኝ ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። "ለልጅ ልጄ ነው። ባለፈው የወሰድኩለት አልቆ ነው የመጣሁት። እሱን ከጠጣ ወዲህ ሆዱ አልያዝለት አለ። ባሕሩ እያጠበው ነው ብለን፣ እንጨምርለት አልን።"

ኖምቡሶ ጠጋ አለቻቸው።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ምን ዓመት አለው፣ ገና ጥርስ እያበቀለ ነው።"

"እማማ" አለች፤ ፊቷ እሳት ሆነ። "አር ነው። የሰው አር ነው የቀዱት። ልጁንም ያሳመመው እሱ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።"

መዝሙሩ ቀጥ አለ። አንዷ ሴት፣ "ምን ያለችው ባለጌ ናት፣ አያትሽን ያህላሉ እኮ" አለቻት። ማኮዛ ግን አልተቆጡም። ጀሪካኑን ለቀቁት።

"ማታ ስወጣ የቀረችዋን በማንኪያ አጠጥቼው ነው የመጣሁት" አሉ ቀስ ብለው። ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ፤ አይነሳም። ደግመው ደወሉ።

ኖምቡሶ ሌላ አውቶቡስ ሲቆም አየች። ጠርሙስ ላይ ቀን የምትጽፍበትን ማርከር ከኪሷ አወጣችና ሰሌዳው ላይ፣ ከጽሑፉ ሥር፣ በትልልቁ "አር አለበት፣ አትጠጡ" ብላ ጻፈች። ማንበብ የማይችል አይጠፋም ብላ ደግሞ እዚያው ቆመች፤ የሚወርዱትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ልትነግራቸው።