ሳላነብ የፈረምኩት

እና ይሄው ደግሞ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ከተቀመጥን አምስተኛው መሆኑ ነው፣ እጁ ላይ ምንም የለም እኮ፣ መሪ የለመደ እጅ ባዶውን ሲቀር የሚገባበት ይጠፋዋል መሰለኝ። ሹፌር ነው፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ጓደኛው እስከ ስድስት ሰዓት ተክቶለታል፣ እደርሳለሁ አይደል እትዬ ይለኛል፣ ትደርሳለህ እለዋለሁ፣ እኔ ምን አውቄ። የተቀመጥንበት አግዳሚ የልጆች ነው፣ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ የርዕሰ መምህሩ በር ፊት ለፊት እንዳጠፋ ተማሪ ተጎልተን።

ደብዳቤው ጭኑ ላይ ነው። ልጅዎ ለተሻለ ክትትል ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍል እንድትዛወር ስለታሰበ ቀርበው እንዲፈርሙ በአክብሮት እንጠይቃለን። በአክብሮት። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ስትወለድ አየር አጥሯት ነው አሉ፣ እግሯ ይጎተታል፣ ምላሷ ይያዛል፣ አባቷ እንጂ ሌላ ሰው ንግግሯን አይለይም፣ እናቴ ነው የሚላት፣ እናቴ ትናንት እንዲህ አለችኝ ሲል የማያውቀው ሰው ስለ አንዲት አሮጊት የሚያወራ ይመስለዋል።

የኔ ሥራ አብሮ መቀመጥ ነው። መታወቂያዬ ላይ የወላጆች አጋዥ ይላል፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ማኅበር፣ ክብ ማኅተም። ስልጠናው ላይ ያሉን ይቺን ነው፣ በወላጁ ፋንታ አትናገሩ፣ ወላጁ ራሱ ይናገር፣ ጥያቄ አስጠኑት፣ ወረቀቱን አስነብቡት፣ ከዚያ አፋችሁን ያዙ። ዘጠኝ ዓመት አፌን ይዣለሁ። ያልገባህን ምን ማለት ነው በላቸው አልኩት ቅድም በር ላይ፣ እሺ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ዞር ብሎ፣ እርስዎ እኮ ሁሉንም ያውቁታል እትዬ፣ ልጅዎ ታድላ።

ታድላ።

ለተሻለ ክትትል፣ ያው ቃል፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቃል እንኳ አይቀይሩም። የኔም ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ጭንቅላቷ ዘግየት ይላል እንጂ ይቀበላል፣ ጠረጴዛው ሌላ ነበር፣ ሰውየውም ሌላ፣ ደብዳቤው ግን ይሄው ነው፣ ክትትል ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ አፈርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ያነበብኩ መሰልኩና ፈረምኩ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለ ክፍል። ስድስት ዓመት ዶቃ ክር ላይ ስትሰካ፣ ሲወጡ መምህሯ ለነገ እንዲሆን ትበትነዋለች፣ ዛሬ ምን ተማርሽ ስላት ቀዩን ትለኛለች፣ ሌላ ቀን ሰማያዊውን፣ ቀለም የሚያስጠኗት መስሎኝ ጎሽ፣ ስድስት ዓመት ጎሽ። ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፊደል አትለይም። ለወላጆች ስናገር አንዲት እናት ነበረች ነው የምለው። አንዲት እናት። የት እንዳለች ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ግቡ ተባልን፣ ተነስ፣ ደብዳቤው ወደቀበት፣ አነሳው፣ እንግባ።

ርዕሰ መምህሩ ጥሩ ሰው ነው፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ወንበር ይስባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ አባት እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ የሚጮህ ሰው ቢሆን ሹፌሩም ይጮህ ነበር፣ ጩኸትማ መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የኖረው፣ ለደግነት ግን መልስ የለውም፣ አንገቱን ደፍቶ እግዜር ይስጥልኝ። በቀኝ በኩል የሁለተኛ ክፍል መምህሯ፣ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ፣ በግራ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ፣ ልጅ እግር ናት፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሀብቱን አሟጥጠን ለመጠቀም፣ የልጅቱን ጥቅም ያማከለ፣ እንደ አቅሟ፣ ርዕሰ መምህሩ ያወርደዋል፣ ሹፌሩ ራሱን ይነቀንቃል፣ በየቃሉ ይነቀንቃል፣ ጠይቅ፣ ምን ማለት ነው በል እንጂ፣ ስልክ ላይ ሁለት ቀን ተለማምደናል፣ አይልም። እንግዲህ አባት እዚህች ጋ ይፈርሙልንና ወደ ሥራዎ። እስክሪብቶው መጣ። ያዘው። ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ልገላገል የሚል አያያዝ ነው፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው ግን አያነብም፣ እያታለሉት ነው፣ ማንም እያታለለው አይደለም፣ ራሱን ነው፣ እንደኔ፣ አፍሽን ያዢ ብለውሻል፣ ያዢ፣

እኔ ፈርሜያለሁ።

ማን ተናገረ። ሁሉም ወደኔ። ምን አሉ ወይዘሮ? ለልጄ ፈርሜያለሁ እላለሁ፣ ድምፄ የኔ አይመስልም፣ እንደዚሁ ወንበር ስበውልኝ፣ ሳላነብ፣ ያልገባኝን መጠየቅ አፍሬ፣ ስድስት ዓመት ዶቃ ሰካች፣ ወደ ሹፌሩ ዞሬ፣ ሁሉንም ያውቁታል ብለኸኝ ነበር፣ በፈረምኩ ጊዜ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ይጠራል፣ ወይዘሮ፣ የመጣነው ስለ እርስዎ ልጅ አይደለም። እውነቱን ነው። ፊቴ ይነድዳል፣ ተባረርኩ፣ ነገ ማኅበሩ ይጠራኛል፣ ይጥራኛ።

ሹፌሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እጁን አልጠረገም።

ጌታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይላል፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ክትትል ምናምን የሚለው አልገባኝም፣ እኔ የማውቀው መስመር ነው፣ ልጄ ጠዋት እዛ ክፍል ከገባች እስክትወጣ ያለውን ፌርማታ በፌርማታ ይንገሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ልጅ እግሯ መምህርት ዞረ። እሷ ደብተሯን ጭብጥ አድርጋ፣ እስከ እረፍት ረዳት አለችኝ፣ በየተራ አንድ ለአንድ እንይዛቸዋለን፣ አለች። ከእረፍት በኋላስ? ከእረፍት በኋላ አሥራ ሰባት ልጅ አለኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ... ከእረፍት በኋላ እንዳይጎዱ መጠበቅ ነው። እሺ፣ አውቶቡሱ እዛ ጋ ቆሟል ማለት ነው፣ አለ ሹፌሩ። የሚያላግጥ አልመሰለም። የሁለተኛ ክፍል መምህሯ ጠመኔዋን ከጣቷ እየፈተገች፣ እኔ ስቆጥር ከተሳሳትኩ ልጅቷ ጠረጴዛ ትመታለች፣ አለች፣ መጀመሪያ የምትረብሽ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ሆን ብዬ ስሳሳት ትመታለች፣ በትክክል ስቆጥር ዝም። ይሄን ለምን ሪፖርቱ ላይ አልጻፍሽም፣ ይላል ርዕሰ መምህሩ። ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። አባትየው ሳቀ፣ በአፍንጫው፣ እናቴ ናታ፣ እኔንም ቤት ሳንቲም ስቆጥር እንደዛ ነው የምታደርገኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግማሹን አልሰማሁም። ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች፣ ልጅ እግሯ መምህርት በሳምንት ሁለቴ እዚያው ገብታ ትረዳታለች፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ፣ ከዚያ ይታያል። ይታያል ማለት ምን ማለት ነው፣ አለ ሹፌሩ፣ ጎሽ፣ አይ ጎሽ አይደለም፣ ይሄን ቃል አልወደውም። እንደገና ተጠርተው ይወያያሉ ማለት ነው፣ አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ይጻፍልኝ፣ ተጻፈ። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ ድምፅ አውጥቶ አነበበው፣ በየቃሉ እየቆመ፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሆነ፣ ማንም አላቻኮለውም። ከዚያ ፈረመ።

ግቢው በር ላይ እየሮጠ ሊሄድ ሲል ዞረ። ተናደደብኝ፣ አሁን ይናገረኛል፣ ይናገረኝ። እትዬ፣ ልጅዎ ታውቃለች? ምኑን? መፈረምዎን። አይ። እሺ፣ አለ፣ እግዜር ያክብርልኝ ብሎ ሮጠ።

ታውቃለች ወይ። ምን ብዬ፣ የትምህርት ሥርዓቱ፣ አይ፣ በዚያን ጊዜ ግንዛቤው ስላልነበረ፣ አይ፣ ይሄ የስብሰባ ወሬ ነው፣ ለልጅሽ እንደ ሪፖርት ልታቀርቢላት ነው እንዴ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ ዞሬ ተመለስኩ፣ ለካ የኔ ሰፈር በወዲያ ነው፣ ሳትጠይቂኝ ለምን ብትለኝ፣ ብታለቅስ፣ ከዚያ የባሰ ደግሞ ባይገባት፣ ደረጃው፣ ቁልፉ።

ልጄ ልብስ እያጠፈች ነው። እማ ቶሎ መጣሽ ትላለች። ቁጭ በይ እላታለሁ፣ ትቀመጣለች፣ የታጠፈው ጭኗ ላይ። ያኔ ወደ ዶቃው ክፍል ስትገቢ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፣ ምን እንደሚል አልገባኝም፣ ፈረምኩ። ታየኛለች፣ ረጅም ጊዜ፣ ሁልጊዜም ረጅም ጊዜ ነው የሚፈጅባት፣ ዛሬ ግን መጠበቅ የማልችለው እኔ ነኝ። አልገባኝም አላልሻቸውም? አላልኩም። ለምን? አፍሬ። ሸሚዙን ትፈታዋለች፣ እንደገና ታጥፈዋለች፣ እጅጌ ከእጅጌ ገጥማ።

እኔም አፍራለሁ፣ ትለኛለች፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን እያየሁ ያነበብኩ እመስላለሁ።

ከቅርጫቱ አንድ ፎጣ አወጣለሁ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች።