ቤዚ እንዴት ሥራ ለቀቀች?

ጸዮን፣ ቤዚ ሥራዋን መልቀቋን ስትሰማ ማመን አቃታት። ሁለቱ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ በደባልነት ይኖራሉ። ቤዚ ምግብ ቤት ውስጥ ሼፍ ናት፤ የሥራ ፈቃዷ ለዚያ ምግብ ቤት ብቻ የታሰረ ስለሆነ ሌላ ቦታ ብትቀጠር ሕግ መጣሷ ነው። ይህንኑ ስታማርር ነው የኖረችው። አሁን ግን ሶፋው ላይ ተጋድማ ጥፍሯን ትቀባለች፤ ሰኞ መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ አዲስ ሥራ ልትጀምር ነው አሉ።

እንዴት ሆኖ? ጥያቄው ጸዮንን እረፍት ነሳት። ወሬ ወዳድ ሆና አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ትወዳለች። ዋናው ግን ትምህርቷን ስትጨርስ የተሰጣት የእሷም የተመራቂ የሥራ ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። የምትሠራበት የጭነት ድርጅት ባለቤት ጋሽ ሰላሙ፣ «ፈርሚና አዲሱ ፈቃድ በድርጅቴ ስም ይውጣልሽ» ብለዋታል። መፈረም ማለት ከጋሽ ሰላሙ ቁጣ ጋር ሌላ ሁለት ዓመት መክረም ነው። የፊርማው ቀጠሮ ደግሞ ነገ ነው።

ታዲያ ቤዚን ጠይቃ አትገላገልም? ከጠየቀች ለቋሚ ነዋሪነት፣ ለፒአር፣ ማመልከቷ ይታወቅባታላ! በእኛ ሰው ዘንድ ስለ አለቃ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ባል እንኳ ይወራል፤ የመኖሪያ ወረቀት ፕሮሰስ ግን ሳያልቅ አይወራም። የሰው ዓይን አለ። እናቷም በደወሉ ቁጥር «አደራ፣ ለማንም!» ይሏታል።

ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች።

«ቤዚዬ፣ ፈቃድሽ ግን ኦኬ ነው?»

«ኦኬ ነው።»

«ቼንጅ አደረግሽው እንዴ?»

«ምነው ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው።»

ቤዚ ጥፍሯን እፍ እፍ አለችው። ጸዮን ወጥ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ሰሃን አጠበች። የጋሽ ሰላሙ ጩኸት ጆሮዋ ላይ መጣባትና እጇን እንኳ ሳታደርቅ ተመለሰች።

«ፒአር አፕላይ አድርጌያለሁ» አለች ባንድ ትንፋሽ። «ማመልከቻሽ ደርሶናል የሚል ኢሜይልም መጥቶልኛል። ለማንም እንዳትናገሪ!»

«እኔም አድርጌያለሁ» አለች ቤዚ። «እሱ ኢሜይል ካለሽ እኮ፣ ውሳኔው እስኪመጣ የትም የሚያሠራ ክፍት ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ። እኔም በእሱ ነው ያመለጥኩት። ያሁኑ ሳያልቅብሽ ቶሎ አፕላይ አድርጊ። የጋሽ ሰላሙ ፊርማ ምን ያደርግልሻል?»

ጸዮን ደስታውም ንዴቱም እኩል መጣባት። «ልፈርም ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አጠገብሽ ሳለቅስ አልነበር? እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«አፕላይ ማድረግሽን በምን ልወቀው?»

ጸዮን ላፕቶፗን አመጣች። የክፍት ፈቃዱን ቅጽ አብረው መሙላት ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሳይደርሱ የፍሌሚንግደን ፓርኳ ጓደኛቸው ናኦሚ ደወለች። ፈቃዷ ሊያልቅ ነው፤ አለቃዋ በስሜ ላውጣልሽ ብሏታል፤ ሰውየው ባይጥማትም ሌላ ምን አማራጭ አላት?

«ናኦሚዬ» አለች ጸዮን ቤዚን እያየች፣ «ፒአር አፕላይ አድርገሻል?»

ናኦሚ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማን ነገረሽ?»